ሳትጫነው የማይቀመጥ የኮንሶል ሽፋን

ጥያቄ፦ “ከአባቴ የወረስኩት የ1978 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል አውቶማቲክ መኪና አለኝ። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ያለው ኮንሶል ከማርሹ ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ ቢጫ ስፖንጅ ይታያል። በላዩ የሚደረብ ጠንካራ የፕላስቲክ ሽፋን ገዛሁ። ከፊትና ከኋላ ይገጥማል፣ መሃሉ ግን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ተነስቶ ይቀራል። በእጄ ስጫነው ይወርዳል፣ ስለቀው ይነሳል። የሸጠልኝ ሰው ‘ሲሊኮን ቀብተህ ከባድ ነገር ጫንበትና አሳድረው’ አለኝ። በደንብ የሚይዘው የትኛው ማጣበቂያ ነው? አሮጌውንስ በየሳምንቱ የሚያብረቀርቅ ቅባት እየቀባሁት ለምን ተሰነጠቀ?”

ማጣበቂያውን ለጊዜው ተወው። ያንተ ችግር የልክ ችግር ነው። እንዲህ ያለ ሽፋን ያለ ማጣበቂያ፣ ያለ እጅ ግፊት፣ በራሱ ክብደት ብቻ ቦታው ላይ ቁጭ ማለት አለበት። ካልተቀመጠ ከሥር የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው። ያንን ሳታገኝ ብታጣብቀው ሽፋኑ እንደተወጠረ ደጋን ሆኖ ይኖራል፤ ቀንም ሌትም ማጣበቂያውን ወደ ላይ ይጎትታል። ማጣበቂያው ደካማ ከሆነ ጠርዙ ይለቃል። ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ማጣበቂያው ይዞ ይቀርና ራሱ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከማርሹ ቀዳዳ ማዕዘን ጀምሮ። ያኔ አዲሱም አሮጌውም አብረው ሄዱ።

ከቅባቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኮንሶልህ ቆዳ የሚመስለው ነገር ቪኒል ነው፣ ማለትም ፒቪሲ። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅና ግትር ነው። የሚለሰልሰው ፋብሪካ ውስጥ የሚጨመርበት ዘይት መሰል ማለስለሻ ስላለ ነው። ይህ ማለስለሻ በሙቀትና በፀሐይ ብዛት ከዓመት ዓመት እየተነነ ይወጣል። የፊት መስታወትህ ከውስጥ በኩል አንዳንዴ ቅባት የነካው ይመስል ጭጋግ ይይዝ የለ? ከዚያ ውስጥ ጥሩ ድርሻ ያለው ይኸው ከቪኒሉ የወጣ ማለስለሻ ነው። ሲወጣ ቪኒሉ ይጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በጣም በተወጠረበት ቦታ ይቀደዳል። ከላይ የምትቀባው ቅባት ወደ ውስጥ ገብቶ ማለስለሻውን አይተካም፤ ላዩን ብቻ ያብለጨልጫል። ስለዚህ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ቅባቱም አላዳነውም። ዕድሜው ነው።

ቅባቱ አሁን የሚጎዳህ በሌላ በኩል ነው። እነዚህ የሚያብረቀርቁ ቅባቶች ብዙዎቹ የሲሊኮን ዘይት አላቸው፤ የሲሊኮን ዘይት ባለበት ላይ ደግሞ ማጣበቂያም ቀለምም አይይዝም። ስለዚህ ምንም ከመሥራትህ በፊት አሮጌውን ኮንሶል ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ እጠበው። ሲደርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረገው፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እየቀየርክ። በአንድ ጨርቅ ደጋግመህ ከጠረግክ ዘይቱን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው። ቲነርና አሴቶን እንዳታስጠጋ። የገዛኸው ሽፋን ምናልባት ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፣ አሴቶን ደግሞ ኤቢኤስን ያሟሟዋል። አንዴ የነካው ቦታ ላይ ያለው የቆዳ መሰል ሸካራነት ይጠፋል፤ ተመልሶ አይመጣም።

ቀጥሎ፣ ሽፋኑ በእርግጥ የአንተ መኪና ሽፋን መሆኑን አጣራ። “ለዚህ ሞዴል ነው” መባሉ አይበቃም። አንድ ሞዴል ብዙ ዓመት ሲመረት ኮንሶሉ መሃል ላይ ይቀየራል። የእጅ ማርሽና አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው ይለያያሉ። መስኮቱ በኤሌክትሪክ የሚወርድና በእጅ የሚዞር ይለያያሉ። መሪው በግራ የሆነና በቀኝ የሆነም አንዳንዴ ይለያያሉ። ሽፋኑን ከኮንሶሉ ጎን አስቀምጥና የማርሹን ቀዳዳ፣ የመቀያየሪያዎቹን (የማብሪያ ማጥፊያዎቹን) ቦታ፣ የመተርኮሻውን ስፋት በሜትር ለካ። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ልዩነት የተለመደ ነው፣ በሞረድ ይስተካከላል። የቀዳዳዎቹ ልዩነት አንድ ሴንቲሜትር ከሆነ ግን የሌላ መኪና ሽፋን ነው የያዝከው፤ መልስ። አንተ ከፊትም ከኋላም ይገጥማል ስላልክ ርዝመቱ ትክክል ይመስለኛል። የማርሹ ቀዳዳ ግን ከዘንጉ ጋር መግጠሙን አልነገርከኝም። እሱን እይ።

ልኩ የሱ ከሆነ አሁን ወደ ሥራው። የባትሪውን ነጌቲቭ አውጣ። ኮንሶሉ ውስጥ የሲጋራ ማቀጣጠያና የመቀያየሪያ ሽቦዎች አሉ፣ ካቻቢቴህ አንዱን ከሌላው ቢያገናኝ ፊውዝ ብቻ አይደለም የሚሄደው። የአንተ 1978 ስለሆነ ኤርባግ አይኖረውም። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን መኪናው የ1980ዎቹ መጨረሻ ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ከሆነ ልብ ይበል፦ በብዙ መኪኖች የኤርባጉ መቆጣጠሪያ እዚሁ ኮንሶሉ ሥር፣ ወለሉ ላይ ነው የታሰረው። ባትሪው ከተፈታ በኋላ የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን ያህል ደቂቃ ሳይጠብቁ መነካካት አይገባም።

ከዚያ በኮንሶሉ ላይ ያለውን ሁሉ አንሳ፦ የማርሹን ክፈፍ፣ መተርኮሻውን፣ መቀያየሪያዎቹን፣ ብሎኖቹን። ይህን የሚያክል ዕድሜ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ በብርድ ከተነካ እንደ ደረቅ ቂጣ ነው የሚሰበረው። ጠዋት በቀዝቃዛው አትጀምር፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ውስጡ ለብ ሲል ጀምር። እምቢ ያለህን ነገር አትጎትት። እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ያላየኸው ብሎን ስላለ ነው፣ መተርኮሻው ሥር ወይም ምንጣፉ ስር። ሽቦዎቹን ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳቸው።

አሁን የሚገፋውን ቦታ የማግኛው ዘዴ። ቀላል ነው፣ ግን ሰው አይሠራውም። ነጭ ጠመኔ ውሰድና አሮጌውን ኮንሶል ላዩን በሙሉ በደንብ ቀባው፣ በተለይ በስንጥቆቹ ዳርና በቀዳዳዎቹ ዙሪያ። ሽፋኑን ቀስ ብለህ ቀጥ አድርገህ አስቀምጠውና በመዳፍህ መሃሉን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነው። ሳታንሸራትት ቀጥ አድርገህ አንሳው፣ ከዚያ ገልብጠው። ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ምልክት ታያለህ። ሰፋ ብሎ የደበዘዘው ቦታ በትክክል የተቀመጠበት ነው። ጠባብ ሆኖ ደምቆ የወጣው፣ መስመር የመሰለው ወይም ነጥብ የሆነው፣ እሱ ነው የሚገፋህ። ጠመኔውን ጠርገህ ያን ቦታ አስተካክል፣ እንደገና ቀባ፣ እንደገና ሞክር። እኔ አንድ ኮንሶል ላይ አምስት ስድስት ጊዜ እደጋግመዋለሁ። አሰልቺ ነው። ግን ሥራው ይህ ነው፣ የቀረው ጨዋታ ነው።

ከገለጽከው ተነስቼ ምን እንደምታገኝ መገመት እችላለሁ። ቪኒል ሲሰነጠቅ ሁለቱ የስንጥቁ ከንፈሮች ወደ ላይ ይቆለመማሉ። ስታየው ትንሽ ይመስላል፣ በጣትህ ብትዳስሰው ግን እንደ እንጨት የደረቀ ጠርዝ ነው፤ አራት አምስት ሚሊሜትር ከፍ ሊል ይችላል። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ፖሊዩረቴን ነው፣ እሱም አርጅቶ አንድ ቦታ ይፈረፈራል፣ ሌላ ቦታ ተነፍቶ ይቀራል። ሽፋኑ የተሠራው ደግሞ አዲስ ለነበረ ኮንሶል ቅርጽ ነው። ስለዚህ ለአንተ አንድ ሴንቲሜትር የሆነው ከሁለትና ሦስት ቦታ የተጠራቀመ ሊሆን ይችላል።

የተቆለመሙትን ከንፈሮች በስለታም ከተር ቁረጣቸው። አዎ፣ አሮጌውን ትቆርጠዋለህ። ሆድህ እንደሚባባ አውቃለሁ፣ የአባትህ መኪና ነው። ግን የተቆለመመ ቪኒል ተመልሶ አይተኛም፤ በሙቀት ብታስተኛው ሲቀዘቅዝ ይነሳል። የተፈረፈረውን ስፖንጅ እስከ ጤነኛው ድረስ ጠርገህ አውጣ። ጉድጓዱ ትልቅ ከሆነ እንደ ጎማ በሚለጠጥ መሙያ ሙላው። የቆርቆሮ ስቱኮ እንዳትጠቀም! ስቱኮ ግትር ነው፣ ስፖንጅ ላይ ካረፈ በመጀመሪያው መንገጫገጭ ይሰነጠቅና መኪናው በሄደ ቁጥር ቅርቅር የሚል ድምፅ ይሰጥሃል። ጉድጓዱ ትንሽ ከሆነ ግን ባዶውን ተወው። ሽፋኑ ድልድይ ሆኖ ያልፈዋል።

የሽፋኑን ቀዳዳ ማስፋት ካለብህ ቀስ በል። በከተር ቀጥ ያለ ማዕዘን ቆርጠህ ብትተወው ስንጥቅ ከዚያች ማዕዘን ይጀምራል። መጀመሪያ ማዕዘኑ ላይ በ3 ወይም 4 ሚሊሜትር መብሻ ክብ ቀዳዳ ብሳ፣ ከዚያ እስከሱ ድረስ ቁረጥ፣ ዳሩን በሞረድና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ሁልጊዜ አሳንሰህ ቁረጥ፣ መጨመር ትችላለህ፣ መመለስ ግን አይቻልም።

ሽፋኑ ራሱ ጠማማ ሆኖ ቢመጣስ? ይኼም ያጋጥማል፣ በካርቶን ታጥፎ የቆየ ከሆነ። መጀመሪያ አውጥተህ ሞቅ ባለ ክፍል ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አንድ ቀን አሳድረው፣ ብዙው በራሱ ይመለሳል። በሙቅ አየር ማስተካከል የምትፈልግ ከሆነ ከርቀት፣ እጅህን ሳታቆም፣ ትንሽ ትንሽ። እነዚህ ሽፋኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ተሞቆ በቅርጽ ላይ ከሥሩ አየሩ እየተመጠጠ ነው። ኤቢኤስ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልስና ወደ ጠፍጣፋነቱ መመለስ ይጀምራል፤ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ሲሠራ ስለተለጠጠ ስስ ነው፣ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። በሁለት ሴኮንድ ችኮላ ሽፋን የጨረሰ ሰው አይቻለሁ።

እንግዲህ ማጣበቂያው። የሸጠልህ ሰው ያለህን አትስማ። ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው ተራ ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፣ ያገኘውን ብረትና የሽቦ ጫፍ ያዝጋል። በዚያ ላይ ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው፤ በሰፊ ፕላስቲክ ተሸፍኖ መሃል ያለው ለሳምንታት እርጥብ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተለጠፈ ሽፋን ያለው መኪና መጣልኝ፣ የተፈለገው የመተርኮሻ አምፖል መቀየር ብቻ ነበር። ሽፋኑ ሳይሰበር አልወጣም፣ አሮጌው ቪኒልም ከስፖንጁ ጋር ተገሽልጦ አብሮት መጣ። መሃሉ ላይ ያለው ሲሊኮን ገና ጣት ላይ ይለጠፍ ነበር። ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ ግትር ነው፣ ንዝረት አይችልም፣ በዙሪያው ባለ ጥቁር ፕላስቲክ ላይም ነጭ ጉም ይተዋል። የጫማ ማስቲሽ የሚባለውም ውስጡ ያለው ማሟሟያ ስስ ኤቢኤስን ያለሰልሰዋል፣ መውጫ አጥቶ ከሥር ሲታፈን ደግሞ ይብሳል። የመስታወት ማጣበቂያው ፖሊዩረቴን ይይዛል፣ በደንብ ይይዛል፣ ግን መቼም አትፈታውም።

ሌላም ነገር አለ፣ ሰው የማያስበው። ኤቢኤስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሜትር ላይ 0.08 ሚሊሜትር ገደማ ይለጠጣል። ሽፋንህ 90 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ጠዋት 15 ዲግሪ የነበረው ጥቁር ፕላስቲክ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም 65 ቢደርስ፣ ሽፋኑ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ከሥሩ ያለው የመኪናው ብረት በዚያው ሙቀት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው የሚረዝመው። ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ካጣበቅከው ያ ትርፍ ርዝመት መሄጃ የለውም፤ ስለዚህ መሃል ላይ ይነሳል። ያንተ ሽፋን ዛሬ ሳይጣበቅ የሚያደርገውን ነገር፣ ተጣብቆ በየቀኑ ያደርገዋል።

ስለዚህ እንዲህ እሰረው። በመኪናው የራሱ ብሎኖች፣ በራሱ ቀዳዳ። የፊት ለፊቱን፣ ከሬዲዮው በታች ያለውን ጫፍ ጥብቅ አድርግ፤ ይህ ቋሚው ነጥብ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች ሽፋኑ ላይ ሞላላ አድርጋቸው፣ ከብሎኑ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት እንዲኖር። ከብሎኑ ራስ ሥር የፕላስቲክ ሮንዴላ አድርግ፣ ብሎኑን እስኪነካ አጥብቀህ ሩብ ዙር መልስ። የማርሹ ክፈፍና የመቀያየሪያዎቹ ክፈፍ ተመልሰው ሲገቡ ሽፋኑን ከላይ ይዘውት ይቀራሉ፣ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ጎኑ ላይ የሚንኳኳ ቦታ ካለ ከውስጥ ስስ የጨርቅ ፕላስተር ለጥፍበት፣ ወይም ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ቬልክሮ አድርግ። በቃ። ብሎኑ አጭር ሆኖብህ ረዘም ያለ ከቀየርክ በሽፋኑ ውፍረት ልክ ብቻ ይርዘም፣ ሁለት ሦስት ሚሊ። ከሥር ሽቦ አለ፣ የማርሽ ዘንግ ማያያዣ አለ፣ ረጅም ብሎን እዚያ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አታየውም።

አሁን የማልደራደርበት ነገር። ክፈፎቹን ከመለስክ በኋላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው በታኮ ተደግፎ፣ እግርህ ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ማርሹን ከፓርክ እስከ መጨረሻው ድረስ ውሰደውና መልሰው፣ አሥር ጊዜ። ሽፋኑ የማርሹን ክፈፍ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ያደርገዋል። ያ ትንሽ ከፍታ ዘንጉ የሽፋኑን ዳር እንዲነካ፣ ፓርክ ላይ ሙሉ በሙሉ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ወይም ጠቋሚው ፓርክ ይልህና መኪናው ፓርክ ላይ አይሆንም፣ ይሄ ሰው ይገድላል። የእጅ ፍሬኑ እዚያው ከሆነ እሱንም እስከ ታች አውርደው፤ ሽፋኑ ላይ አርፎ ግማሽ ተጎትቶ ከቀረ የኋላ ፍሬኖቹ እየጋሉ ይሄዳሉ። የቀበቶ መቆለፊያዎቹም በነፃ መንቀሳቀሳቸውን እይ። አንዱ እንኳ የሚነካ ከሆነ ሽፋኑን አውርደህ ሞርድ።

ቀለም መቀባት ከፈለግክ ከመግጠምህ በፊት፣ በፕላስቲክ ቀለም፣ ስስ ስስ ሦስት ንብር። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ሽፋን ምን እንደማይሆን ግን ልንገርህ። ሽፋን ጥገና አይደለም፣ መደበቂያ ነው። ኮንሶሉ ወለሉን የሚይዝባቸው ጆሮዎች ከተሰበሩ ሽፋኑም አብሮ ይወዛወዛል፤ መጀመሪያ ጆሮዎቹ መጠገን አለባቸው። በእጅህ ስትነካውም እንደ ድሮው ለስላሳ አይሆንም፣ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። እንደ ድሮው እንዲሆንልህ ከፈለግክ መንገዱ ሌላ ነው፦ ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ፣ አሮጌውን ቪኒል ገፎ፣ ስፖንጁን አስተካክሎ በአዲስ ቪኒል ወይም በቆዳ ማልበስ። የመኪና ወንበር የሚያለብስ ጎበዝ ሰው ይሠራዋል። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቀው፦ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ቀዳዳ ውስጥ ከሁለት በኩል ሲታጠፍ ቀዳዳውን በ2 ሚሊሜትር ያጠበዋል፣ መቀያየሪያው አይገባም። የሚታጠፈውን ዳር አስቀድሞ ማሳሳት አለበት። በቪኒል ከሆነ ደግሞ የቪኒል ማለስለሻን የሚቋቋም ማጣበቂያ ይጠቀም፤ ተራው ማስቲሽ ከጊዜ በኋላ በማለስለሻው ይሟሟና ጥጋጥጉ ይነሳል። ያገለገለ ኮንሶል ከሌላ መኪና መግዛትም አለ፣ ግን ዕድሜው ያው ነው። ዛሬ ያልተሰነጠቀ ነገ አይሰነጠቅም ማለት አይቻልም። ከገዛህም የጀርባውን ፎቶ ጠይቅ፣ ጆሮዎቹ ጤነኛ መሆናቸውን እይ።

የኔ ምክር አንድ ነው። ሽፋኑን አስቀድመህ ገዝተሃልና በጠመኔው ዘዴ ልኩን አምጣ፣ በብሎንና በክፈፍ እሰረው፣ አንዲት ጠብታ ማጣበቂያ ሳትጠቀም። እንዲህ ከሆነ ነገ ገንዘብም ጊዜም ስታገኝ ሽፋኑን ፈትተህ የአባትህን ኮንሶል በደንብ ማስለበስ ትችላለህ፣ ምክንያቱም እሱ ከሥር አለ። ከስንጥቁ ላይ የቆረጥካቸውን ቁራጮችም አትጣላቸው። ከሥር በኩል ፀሐይ ያልነካው ቀለማቸው አለ፣ አዲሱን ቪኒል ስትመርጥ የምታመሳስለው ከእሱ ጋር ነው።